ዕጣው ለልጄ አማት ወጣ

መመዝገብ ያለበት በደል ይህ ነው። በኮሮናው ዓመት፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት፣ ልጄ አጋዘን ሊያድን ወደ ተራራ ሲወጣ የሚስቱን እናት ይዞ ሄደ። እኔን ቤቴ ትቶኝ ሄደ። እሷ እሳት ዳር ተቀምጣ የአጋዘኑን ትኩስ ጉበት በላች። ለእኔ የደረሰኝ የቤቴ በር እጀታ ላይ የተንጠለጠለ ፌስታል ነው፤ ውስጡ እንደ ድንጋይ የጠጠረ የጭን ሥጋ።

ይህን ለሰው ስነግር «ለሥጋ ብለሽ ነው?» ይሉኛል። ለሥጋ አይደለም። የምኖረው ላስ ቬጋስ፣ ሜሪላንድ ፓርክዌይ የሚሉት መንገድ ዳር ነው፤ ሥጋ ካማረኝ መንገዱን ተሻግሬ አበሻ ሱቅ ገብቼ ጎድን በለው ሽንጥ በለው አስቆርጬ እመለሳለሁ። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ልጁን የወለድኩት እኔ ነኝ። ተራራው ላይ ከእሱ ወንበር ሌላ የነበረው አንድ ነው፤ እሱ ላይ የተቀመጠችው እሷ ናት። ለምን? መልስ እስካገኝ ድረስ ይህን መጠየቅ አልተውኩም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ልጄ ዘ ስትሪፕ በሚሉት የካዚኖዎች ጎዳና ላይ ካለ አንድ ካዚኖ ሆቴል በር ላይ የእንግዳ መኪና ተቀብሎ የሚያቆም ሠራተኛ ነበር። ካዚኖዎቹ ሲዘጉ ከሥራ መጀመሪያ ከወጡት አንዱ እሱ ሆነ፤ እንግዳ በሌለበት የማንን መኪና ያቆማል? ሚስቱ ግን ሆስፒታል ስለምትሠራ ሥራዋ አልቆመም፤ ጭራሽ ኦቨርታይም በኦቨርታይም ሆነች። ቤታቸው ኖርዝ ላስ ቬጋስ ነው። የሚስቱ እናት አብራቸው ትኖራለች፤ ልጆቹን የምትይዘው እሷ ናት። እኔ ለብቻዬ ፎቅ ላይ አንድ መኝታ ቤት ያለው አፓርታማ ተከራይቻለሁ። ለብዙ ዓመት የሆቴል አልጋ ሳነጥፍ ኖሬ ጡረታ የወጣሁት ገና ያኔ ነበር። አስም አለብኝ።

«እማዬ፣ ያንቺ ሳንባ ይህን በሽታ አይችለውም» አለኝ ልጄ፣ ገና ሲጀምር። ከዚያ በኋላ ቤቴ አልገባም፤ ቤቱም አላስገባኝም። አስቤዛዬን በራፌ ላይ አስቀምጦ ይወርዳል። መኪና ማቆሚያው ላይ ይቆማል። እኔ በረንዳዬ ላይ እወጣለሁ፤ ከዚያ እየተያየን በስልክ እናወራለን። ሳል ቢይዘኝ ከታች ሆኖ አንገቱን ወደ ላይ ያቀናል። ስጨርስ «ደህና ነሽ?» ይላል። ደህና ነኝ እላለሁ። መኪናውን አስነስቶ ይሄዳል።

ይህን ተቀብዬው ነበር። በሽታ በሽታ ነው፤ ቂም አይያዝበትም። ነገር ግን ልጄን ቁልቁል እያየሁ ሳወራ፣ እሱ ተመልሶ ሲገባ ከሚስቱ እናት ጋር አንድ ትሪ ላይ እንደሚበላ አውቃለሁ። የልጅ ልጆቼን ፀጉር የምትሠራው እሷ ናት። ትንሿ በስልክ ስታወራኝ የእሷን የወሎ አነጋገር ይዛ መጣች፤ ድምፁ የልጅ ልጄ ሆኖ ቃሉ የዚያች ሴት ሆነብኝ።

ስለ ልጄ አማት ሐቁን ልናገር። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። የደሴ ሰው ናት፤ ሰፋ ያለች፣ በዕድሜ ጥቂት የምትበልጠኝ፣ በሆነው ባልሆነው የምትስቅ። ወጥ ቢያርርባት ትስቃለች። እኔን «አንቺ፣ እህቴ» ትለኛለች። እኔ «እርስዎ» እላታለሁ። ስለማከብራት ይመስላታል።

አደኑን ለልጄ ያስተማረው አብሮት መኪና ያቆም የነበረ አንድ ሜክሲኳዊ ነው። እሱም ሥራ ፈትቶ ነበር። ልጄ እንደለመደው ከታች ቆሞ ነገሩን በስልክ አስረዳኝ። ደኑ የመንግሥት ነው። አጥር የለውም። የፈለገ ሰው ድንኳን ተክሎ ያድርበታል፤ የማን ልጅ ነህ፣ ከየት መጣህ የሚል የለም። አጋዘኑ ግን በዕጣ ነው። በጸደይ ስምህን ታስገባለህ። ከወጣልህ ታግ የሚሉት ወረቀት ይላክልሃል፤ በዚያ ወረቀት ቀንድ ያለው አንድ ወንድ አጋዘን ታድናለህ፤ ስትጥለውም ወረቀቱን ታስርበታለህ። ካልወጣልህ ለከርሞ።

«ዕጣው ላይ ዘመድ አይሠራም?» አልኩት።

«ኮምፒውተር ነው የሚያወጣው፣ እማዬ።»

«ኮምፒውተሩንስ የሚያዘው ማን ነው?»

«አንቺ ብታዥው ይሻል ነበር» አለኝ።

ነገሩ ልቤ ውስጥ ገባ። የሁሉም የሆነ ደን፣ በዕጣ የሚደርስ አውሬ። ይህች አገር ካሏት ሕጎች መካከል ማንም ሳያስረዳኝ የገባኝ ይህ ነው።

ዕጣው ለልጄ ወጣለት። ይዞኝ እንደሚሄድ አልተጠራጠርኩም። አባቴ አርሲ ውስጥ ድኩላና ቦሆር ያድን ነበር፤ ሲመለስ ወንዙ ድረስ ወርጄ ዝናሩን ተቀብዬ የምሸከመው እኔ ነበርኩ። ጣቴን በምራቅ አርሼ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ መለየት ያስተማረኝ እሱ ነው። ከዚህ ቤተሰብ ውስጥ ሣር ውስጥ ተኝቶ መጠበቅ ምን እንደሆነ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ደግሞስ ቤት ውስጥ አብሮ መቀመጥ የሚያስፈራ ከሆነ፣ ሜዳ ላይ ምን ያስፈራል? ብርድ ልብሴን አጥቤ አሰጣሁ። ወፍራም ካልሲ ገዛሁ። ልጄን ግን አልጠየቅሁትም። እናት እንዲህ ያለ ነገር ትጠየቃለች እንጂ አትለምንም።

መሄዳቸውን ያወቅሁት በፎቶ ነው። አንድ ጠዋት ስልኬ ላይ መጣ። የልጄ አማት ብርቱካንማ ኮፍያ አድርጋ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣ በሚታጠፍ ወንበር ላይ እሳት ዳር ተቀምጣለች። ከኋላዋ ዛፍ ላይ የተሰቀለ አጋዘን ይታያል። በሳቅ ጥርሷ በሙሉ ተገልጧል። ፎቶውን በሁለት ጣቴ አሰፋሁት፤ የልጄን ጥላ ብቻ እግሯ ሥር አየሁት።

ከተመለሱ በኋላ ፌስታሉን በር ላይ አንጠልጥሎ ወረደ። እኔም በረንዳዬ ላይ ወጣሁ።

«መኪናው ነው፣ እማዬ» አለኝ ገና ሳልጠይቀው። «ሦስት ሰዓት ሙሉ ተዘግተን ነው የምንሄደው። እሳቸው እኮ ከኛ ጋር ነው የሚኖሩት፤ የምንተነፍሰው አንድ አየር ነው።»

«መኪናህ መስኮት የለውም?»

«ብርዱስ?»

«ካልሲ ገዝቼ ነበር» አልኩት። ከዚያ የተሻለ ነገር ከአፌ አልወጣም። «ጉበቱስ?»

«ጉበት አያድርም፤ እዚያው ለብ ለብ አድርገን በላነው።»

«ማንና ማን?»

«እኔና እሳቸው።»

«ሲታረድ በስመ አብ ያለውስ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ እማዬ። እሳቸውም አብረውኝ አሉ።»

በስመ አብ ሳይቀር በጋራ ሆነ።

ቅርጫ የሚያውቅ ሰው ይፍረደኝ። በዓል ሲደርስ ጎረቤት ገንዘብ አዋጥቶ በሬ ሲጥል፣ ሥጋው በመደብ በመደብ ይደረደራል። ጎድኑ ይቆጠራል፤ ጉበትና ጨጓራው እንኳ በየመደቡ ልክ ይቆራረጣል። ከዚያ ማንም እንዳይመርጥ ዕጣ ይጣላል። የታመመ ሰው፣ መንገድ የሄደ ሰው ድርሻው ይቀመጥለታል እንጂ አይበላበትም። ይህን ሁሉ ለልጄ ከበረንዳዬ ላይ ነገርኩት። ጎረቤቴ መስኮቷን ከፍታ አየችኝ።

«ይኼ እኮ ቅርጫ አይደለም፤ አደን ነው» አለኝ።

«አደን ከሆነማ አዳኙን እልል ብላ የምትቀበለው እናቱ ናት» አልኩትና ስልኩን ዘጋሁት። ዘግቼም በረንዳው ላይ ቆምኩ። እሱም ከታች ቆመ። መጨረሻ ላይ እጁን አውለብልቦ ሄደ።

ሥጋውን ፍሪዘር ውስጥ ከተትኩት፤ አልነካውም አልኩ። የነቢያት ጾም ገባ፤ እሱም ረዳኝ። በልደት ቀን አውጥቼ ጠበስኩትና ብቻዬን በላሁት። የማይጣፍጥ ቢሆን ምን ነበረበት። የዱር ቅጠል የቀመሰ ሥጋ ነው፤ አባቴ ከሚያመጣው ጋር አንድ ነው። እየበላሁ ተናደድኩ።

ክትባቱ መጣ። ተከተብኩ። ካዚኖዎቹ ተከፈቱ፤ ልጄም ወደ ሥራው ተመለሰ። ያን ሁሉ ጊዜ ሳልረግጠው የቆየሁትን ቤት ረገጥኩ፤ የልጅ ልጆቼን ስሜ ሳልጨርስ «ዘንድሮ ተራው የማን ነው?» አልኩ።

«የምን ተራ?» አለ ልጄ።

«የተራራው።»

የልጄ አማት ከኩሽና ሆና ሰማች። «የእሷ ነዋ» አለች። «አምና እኔ ሄድኩ፣ ዘንድሮ እሷ ትሂድ። ብርዱ ግን አጥንት ይሰብራል፣ እህቴ። አልነገረችኝም እንዳትይ።»

ልጠይቅ የመጣሁትን መብት እሷ ከኩሽና ወረወረችልኝ። ልጄ ሊሰጠኝ የሚገባውን እሷ እንደ ቁራሽ ቆርሳ ሰጠችኝ። እሺ አልኩ፤ ግን አላመሰገንኳትም።

ዕጣው የሚሞላበት ጊዜ ደርሶ ነበር። በማን ስም ይግባ ሲባል፣ ሁላችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነው፤ ዲቪ። እኛ አገር ዲቪ ሲሞላ ባልም ሚስትም ለየብቻ ይሞላሉ፤ ለአንዱ ከወጣ ሌላውን ይዞ ይገባል። ልጄም እዚህ አገር የገባው እንደዚያ ነው። ሁለቱም ሞልተው ለሚስቱ ወጣላት። እኔን ያመጣኝ እሱ ነው፤ እሱን ያመጣው ግን የእነሱ ወገን ዕጣ ነው። በሠርግም በክርስትናም ይህ ነገር ሳይነሳ ቀርቶ አያውቅም። ስለዚህ የአጋዘኑም ዕጣ በሁላችንም ስም ይግባ ተባለ፤ ለማንኛችንም ቢወጣ ልጄ ይተኩሳል፣ እኔ አብሬው እሄዳለሁ። አዳኝ ሊወስደው የሚገባው ኮርስ ለእኔና ለልጄ አማት በዕድሜያችን ምክንያት ተተወልን።

«በእርጅና የምንጠቀመው ነገር መገኘቱ ደግ ነው» አለች እሷ።

ልጄ የእያንዳንዳችንን ስም ኮምፒውተሩ ላይ ሲያስገባ ጎኑ ቆሜ አየሁ። የእሷን ሲያስገባ ደግሞ ይበልጥ ቀረብ ብዬ አየሁ። ሁሉም እኩል ገባ። የሚቀረው የዕድል ነገር ነው ብዬ ጸለይኩ፤ ለራሴ ብቻ ነው የጸለይኩት።

ውጤቱ ሙቀቱ ማቃጠል ሲጀምር መጣ። እሁድ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እነሱ ቤት ምሳ እየበላን ነው። ልጄ ስልኩን አይቶ ሚስቱን «ለኔም ላንቺም አልወጣም» አላት። ከዚያ የእኔን አየ። «ላንቺም አልወጣም፣ እማዬ።» ከዚያ ስልኩን ወደ ሚስቱ እናት አዞረው።

«እኔ?» አለች። መሳቅ ጀመረች፤ የጎረሰችው ትን እስኪላት ሳቀች። «ዶሮ እንኳ አርጄ የማላውቅ ሴት?»

ሚስቱ ተነስታ እናቷን ሳመች። እኔ ውኃዬን ጠጣሁ። ዲቪው ለእነሱ፣ አምና ወንበሩ ለእሷ፣ ዘንድሮ ደግሞ ዕጣው ለእሷ። ኮምፒውተሩን የሚያዘው ማን እንደሆነ አሁንም አልተነገረኝም።

ልጄ ማንበቡን ቀጥሎ ነበር፤ ፊቱ ተለወጠ። «ዕጣው የወጣለት ሰው ራሱ ነው መተኮስ ያለበት ይላል። ለሌላ አይተላለፍም። እንደ ዲቪ አይደለም።»

ሁላችንም መብላት አቆምን።

«ታዲያ ምን ችግር አለው?» አለ ቀጥሎ። «እሳቸው ጎኔ ይቀመጣሉ፣ እኔ እተኩሳለሁ። በዚያ ሁሉ ተራራ ማን ያያል?»

«ዕጣ የወጣለት ይተኩስ» አልኩ።

«እማዬ...»

«ደኑ የሁሉም ነው ያልከኝ አንተ ነህ። ዕጣውን ለማጭበርበር ከሆነ ስንት ሰው ስሙን አስገብቶ ቀርቷል፤ እኔን ጨምሮ። የወጣለት ይተኩስ፤ ካልቻለ ይቅር።»

ለፍትሕ ብዬ ነው የተናገርኩት፤ ዛሬም ያንኑ እላለሁ። ስትስት ማየትም አምሮኝ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው።

ምራቴ «እናቴ ጠመንጃ ይዛ አይታያችሁም?» ብላ ተቃወመች። የልጄ አማት ግን እኔን አየችኝ። «ልክ ናት» አለች። «ሴት ቢላዋ አታነሳም ተባለ እንጂ ስለ ጠመንጃ ምንም አልተባለም። አስተምሩኝ።»

ከከተማ ወጣ ብሎ ሰው ጣሳ ደርድሮ የሚለማመድበት በረሃ አለ። ጣሳ የምደረድረው እኔ ነበርኩ። ጠመንጃው ሲመልስባት ትከሻዋ በለዘ፤ ልጄን «ይኼ ነገር ወደ ፊት ነው ወይስ ወደ ኋላ የሚተኩሰው?» አለችው። እየቆየች ግን ለመደች፤ ከተደረደረው ጣሳ ግማሹን ትጥል ጀመር። አንድ ቀን ልጄ ለኔም ሰጠኝ። ድንጋይ ላይ አስደግፌ ምላጩን ቀስ አድርጌ ሳብኩት፤ ጣሳው ተነስቶ ወደቀ። ደገምኩት፤ ወደቀ። የልጄ አማት አጨበጨበችልኝ። ባታጨበጭብልኝ እመርጥ ነበር። እጄ ይመታል፤ ስሜ ግን ወረቀቱ ላይ የለም።

በመኸር ወደ ሰሜን ወጣን። «አንቺ ከፊት ተቀመጪ፤ እኔ አምና አይቼዋለሁ» ብላ ፒክአፑ ውስጥ የፊቱን ወንበር ለቀቀችልኝ። አሸዋማው ሜዳ አለቀና ጥዱ ጀመረ። ጨለማ ሳይሆን ድንኳን ተከልን። እሳት አነደድን። አምና በፎቶ ያየሁት ወንበር ላይ እኔ ተቀመጥኩ፤ ማንም ሳይጋብዘኝ ቀድሜ ተቀመጥኩበት። ወንበሩ ያው የሸራ ወንበር ነው። ብርዱ እሷ እንዳለችው ነበር።

አደን ለሰው ጉልበት አያዝንም። ገና ሳይነጋ ተነስተህ ዳገት ትወጣለህ። አየሩ ይሳሳል፤ ጥቂት እራመዳለሁ፣ ቁና ቁና እተነፍሳለሁ፣ የአስም መድኃኒቴን እስባለሁ፣ እንደገና እራመዳለሁ። ልጄ ዞር እያለ ያየኝ ነበር፤ አልቆምኩለትም። ሊቀመጥበት የመረጠው ጉብታ ላይ ስንደርስ ነጭ ጢም ያለው ፈረንጅ ቀድሞን ተቀምጧል። ልጄ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠውና ይዞን ወደ ሌላ ጉብታ ዞረ። የሁሉም ደን ነው፤ የቀደመ ይዟል። ይህን ወደድኩት።

በመጀመሪያው ቀን ምንም አላየንም። ጣቴን አርሼ ነፋሱን ለየሁ፤ ከኛ ወደ ሸለቆው ነው የሚነፍሰው። የልጄ አማት ደግሞ ጉልበቷን በካምፎር ቅባት አሽታ መጥታለች።

«በእርስዎ ቅባት ተራራው ሁሉ ታጥኗል» አልኳት።

«ጉልበቴን ነው አጋዘኑን የምትፈልጊው? አንዱን ምረጪ።»

«አጋዘኑን።»

«እንግዲያው ነገ አንቺ ትሸከሚኛለሽ» አለች። ልጄ አፉን በጓንቱ አፍኖ ሳቀ።

በማግስቱ ቅባቱን ተወችው፤ እያነከሰች ወጣች። ነፋሱ ፊታችንን እንዲመታን አድርገን አንድ ቋጥኝ ሥር ተቀመጥን። ጎህ ቀደደ። ሣሩ ላይ አመዳይ ነበር። ልጄ ባይኖኩላሩን ይዞ ወደ ቀኝ ያማትራል፤ እሷ እጇን እየተነፈሰችበት ታሞቃለች። እኔ ወደ ግራ፣ ከሸለቆው ማዶ አየሁ። ከግራጫው ቁጥቋጦ መሐል ሁለት ጆሮዎች ወጡ፤ የበቅሎ ጆሮ የሚያህሉ። ተንቀሳቀሱ። ከዚያ ቀንዱ ታየኝ፤ ደረቅ ቅርንጫፍ መስሎኝ የነበረው ቀንድ ኖሯል። አንገቱ ወጣ። ትከሻው ወጣ። ቆመና አየሩን አሸተተ። ትንፋሹ ሲጨስ ይታየኛል።

ከሰው ሁሉ እኔ ብቻ ነበርኩ ያየሁት። ስንት ዓመት ሆነኝ እንዲህ ያለ ነገር ካየሁ። አስሜም ተረሳኝ።

ዝም ብል ያልፋል። ማንም አያውቅም። እሷም ባዶ እጇን ትመለሳለች፤ ፎቶ አይኖርም፣ ጉበት አይኖርም፤ «አማትህ ዘንድሮም ቀናቸው» የሚል ሰው አይኖርም። አጋዘኑ ወደ ጥዱ መራመድ ጀመረ። ይህን ሁሉ አሰብኩ። ግን ዕጣ የወጣለት ይተኩስ ያልኩት እኔ ነኝ። የወጣላትን ደብቄ ባስቀርባት ከኮምፒውተሩ በላይ አድልቻለሁ ማለት ነው። እጅጌዋን ያዝኳትና በአገጬ አሳየኋት።

ልጄ ጠመንጃውን ቋጥኙ ላይ አመቻቸላት። «ይተንፍሱ» አላት በሹክሹክታ። «ትከሻው ላይ። ቀስ ብለው ይሳቡት።»

ተኮሰች። ተራራው ጮኸ። ከአጋዘኑ በታች ራቅ ብሎ ድንጋይ ፈነጠረ፤ አቧራ ተነሳ። አጋዘኑ ዞር ብሎ አየን፤ ከዚያ አራቱንም እግሩን ባንዴ እያነሳ፣ እንደ ኳስ እየነጠረ፣ ዳገቱን ወጥቶ ጥዱ ውስጥ ገባ።

«ድንጋዩን ገደልኩት» አለች የልጄ አማት።

ልጄ ሳቀ። «ታጉን ድንጋዩ ላይ እንሰርልዎት?»

«እሰርልኝ። ጉበቱን ግን አንተ ብላ።»

ቁጭ ብለው ሳቁ። እሱ እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ ትከሻዋን ይዞ ይስቃል። እሷ የበለዘውን ትከሻዋን እያሻሸች ትስቃለች። ከፔርሙዙ ሻይ ቀዳችለት፤ ሳቁ አላስይዝ ብሎት ደፋው፤ በዚያም ሳቁ። ልጄ ሰው ጎን ተቀምጦ እንደዚያ ሲሆን አላየሁትም። እኔ አጋዘኑ የገባበትን ጥድ እያየሁ ቆየሁ። ምን ይባላል? የሄደ አውሬ ሄዷል።

እስኪመሽ ጠበቅን፤ ሌላ አልመጣም። ልጄ ሺፍት ስለነበረው በማግስቱ ድንኳኑን ነቅለን ተመለስን። አይስ ቦክሱ ባዶ ነበር።

መንገድ ላይ ነዳጅ ሊቀዳ ቆመ። የልጄ አማት ሱቁ ውስጥ ገባች፤ መጸዳጃ ቤት ፈልጋ ነው። እኔም ከመኪናው ወርጄ አጠገቡ ቆምኩ። በረንዳ የለም፣ ስልክ የለም፤ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አላገኝም አልኩ።

«አምና ለምን እሷን ይዘህ ወጣህ? በሽታውን ተወው። መኪናውንም ተወው።»

የነዳጁን ማሽን አየ። ዞሮ ይነግረኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

«አምና መጀመሪያ የተኮስኩት ሁሉ ስቷል» አለኝ።

«አልነገርከኝም።»

«አልነገርኩሽም። ከመሄዴ በፊትም እንደምስት አውቅ ነበር፤ ያን ጊዜ ምን ነገር ተሳክቶልኝ ያውቃል? ሥራ የለኝም። ሚስቴ እየሠራች እኔ ቤት እውላለሁ። እሳቸው ስስት ይስቃሉ። ‹ዛፉን መታኸው፣ ጎበዝ› ይሉኛል። ሻይ ይሰጡኛል። እንደገና እነሳለሁ።»

«እኔስ ብሆን እስቅብህ ነበር?»

«አትስቂም።»

«እቆጣህ ነበር?»

«አትቆጪም» አለኝ። ቧንቧውን ነቅሎ መለሰው፤ የነዳጅ ታንኩን ክዳን አጠበቀ። ከዚያ ፊት ለፊቴ ቆመ። «ትናንት እሳቸው ሲስቱ ምን አልሽ?»

«ምንም አላልኩም።»

«እኔም ብስት ይህንኑ ነበር የምትይኝ፣ እማዬ። ያን ዓመት ዝምታሽን ልሸከመው አልችልም ነበር።»